እህቴ በወሊድ ሞተች፤ ሆስፒታሉ የሰጠንን ወረቀት እንፈርም?

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በአንድ የግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ልጁ ደህና ነው፤ ስምንት ወር ሞልቶታል። እሷ ግን ያቺን ሌሊት አላነጋቻትም። ከኦፕራሲዮን ክፍል የወጣችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ከ4 ሰዓት ጀምሮ አንሶላው በደም ሲርስ እያየሁ ነርሷን ደጋግሜ ጠራሁ፤ «ከወሊድ በኋላ ያለ ነው፣ አይዞሽ» አለችኝ። ወደ 6 ሰዓት እህቴ «በረደኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» ማለት ጀመረች። ሐኪሙ በስልክ ነው ያዘዘው፤ ራሱ የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነው። ደም እንዲመጣ ሰው የተላከውም ያኔ ነው። ሊነጋጋ ሲል አረፈች።

ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ባለቤቷን ጠርቶ የቀረው ሂሳብ እንደሚሰረዝለትና «ለልጁ ማሳደጊያ» የሚሆን ገንዘብ እንደሚሰጠው ነግሮት፣ «ከእንግዲህ በማንኛውም መንገድ ጥያቄ አናቀርብም» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ሰጥቶታል። እሱ ሐዘኑ ሰብሮታል፤ «ልፈርምና ይለቀኝ» ይላል። እናታችን ደግሞ «ገንዘባቸውን አልፈልግም፤ ያ ሐኪም ሌላ ሰው እንዳይነካ ብቻ» ትላለች። እናታችንን በየወሩ የምትጦራት እሷ ነበረች። እኔ መክሰስ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለቤቷ ፈርሟል፤ ያ አይዘንም? ከየት እንጀምር?
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከወረቀቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሚያጣድፈው እሱ ነው። አሁን አይፈረም።

በእርቅ መጨረስ ነውር ኖሮበት አይደለም። ብዙ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእርቅ ያልቃል፣ ማለቁም አንዳንዴ ለቤተሰቡ ይበጃል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንደሚለው በተዋዋዮቹ መካከል የተደረገ የእርቅ ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የልጁ አባት ዛሬ ቢፈርምና ከሦስት ወር በኋላ የሕክምና ካርዱ ወጥቶ ነገሩ ፍንትው ቢል፣ ለእሱ የፍትሐ ብሔሩ በር ተዘግቷል። ስንት እንደሚገባችሁ ሳታውቁ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳታነቡ በምን ላይ ትስማማላችሁ? አስተዳዳሪው በስምንተኛው ወር የጠራችሁ ከደግነት ብቻ ላይሆን ይችላል። የወረቀቱን ቅጂ ይዛችሁ «ለጠበቃ አሳይተን እንመለሳለን» በሉ። ቅጂ አንሰጥም ካሏችሁ ያ ራሱ አንድ መልስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤቷ የእናታችሁን መብት መፈረም አይችልም፤ እናት የምትጠይቀው ካሳ የራሷ ነው እንጂ ከአማቿ የሚመነጭ አይደለም። የወንጀል ክስ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ነው። «በማንኛውም መንገድ» የሚለው ሐረግ ዐቃቤ ሕግን አያስርም፤ የተጻፈው ሰው ለማስፈራራት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተፈረመው ፈቃድ አያስጨንቃችሁ። ያ ፊርማ ሐኪሙ ሰውነቷን እንዲቀድ የፈቀደ፣ ቀዶ ሕክምናው የራሱ አደጋ እንዳለው ተረድተናል ያለ ነው። ደም እየፈሰሳት ለሰዓታት ዞር ብሎ የሚያያት እንዳይኖር የፈቀደ ሰው የለም። ይህን ጥያቄ ከየቤተሰቡ እሰማዋለሁ፤ በዚያ ፊርማ ምክንያት ብቻ ከቤታቸው ሳይወጡ የቀሩ ብዙ ናቸው።

አሁን እርስዎን የሚያሳዝን ነገር ልናገር። ከሳሽ እርስዎ አይደሉም። ቁጥር 2095 ሰው ሲሞት ለደረሰባቸው የኑሮ ጉዳት ካሳ መጠየቅ የሚችሉትን ይዘረዝራል፤ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ። ወንድምና እህት የሉበትም። ቁጥር 2096 ደግሞ ሌሎች ሰዎች ሟች ትረዳቸው የነበረ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ መጠየቅ አይችሉም ይላል። ወንድም ወንድሙን በሚያስተምርበት፣ እህት የእህቷን ልጅ በምታሳድግበት አገር ይህ ድንጋጌ ጠባብ ነው እላለሁ፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ከሳሾቹ የልጁ አባት በራሱና በልጁ ስም፣ እንዲሁም እናታችሁ ናቸው።

ይሁንና ለጉዳዩ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል። ያን ሌሊት አልጋው አጠገብ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ከሳሽ ቢሆኑ ኖሮ ቃልዎ የባለጉዳይ ቃል ነበር፤ አሁን የዓይን ምስክር ነዎት። ስለዚህ ዛሬውኑ ቁጭ ብለው ይጻፉ፤ አንሶላው ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ነርሷን ስንት ሰዓት ላይ ጠሩ፣ ምን አለች፣ ሌላ አስታማሚ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር። ስልክዎ ውስጥ ያን ሌሊት ለቤተሰብ የደወሉበት ሰዓት ተመዝግቦ ይሆናል፤ ከማስታወስዎ ይልቅ እሱን ይመኑ፣ እንዳይጠፋም ያስቀምጡት።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ፍርድ ቤት «እህታችሁ ሞተች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሞት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሐኪም ለማዳን የቻለውን ሊያደርግ እንጂ ሊያድን አይዋዋልም። ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል፤ በሳይንስ የታወቀውን ወይም በሙያው ተቀባይነት ያገኘውን አሠራር ትቶ፣ ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ግዴለሽነት ወይም ቸልተኝነት ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ «ገደሏት» የሚለው ክስ ይወድቃል። «ከቀዶ ሕክምና የወጣች ወላድ የደም ግፊቷና የልብ ምቷ በየጊዜው መለካት ሲገባው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት አልተለካም፤ ሐኪሙ ተጠርቶ ለመምጣት ይህን ያህል ዘገየ፤ ደም የታዘዘው ከዚህ ሰዓት በኋላ ነው» የሚል ክስ ግን እግር አለው። በኦፕራሲዮን ወሊድ ከ1000 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሰ ከልክ ያለፈ ተብሎ እርምጃ እንደሚያስፈልገው በሙያው የታወቀ ነው፤ የፈሰሰውን ማን ለካ? የት ተጻፈ?

መልሱ ካርዱ ውስጥ ነው። ጥብቅና ከመጀመሬ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምገልጠው የሐኪሙን ማጠቃለያ ሳይሆን ነርሶች የደም ግፊት የሚሞሉበትን ሠንጠረዥ ነው። ማጠቃለያ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ረጋ ብሎ፣ ባማረ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጻፋል። ሠንጠረዡ ግን ሌሊቱን አብሮ የሚያድር ወረቀት ነው። በአንድ መዝገብ ላይ የአምስት ሰዓት ልኬት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንዳች ስርዝ ወርዶ አየሁ፤ ሰዓቶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፣ ከሩብና ከጉዳይ የሚባል የለም። ሕመምተኛዋ ራሷን በሳተችበት ሰዓት ላይ የደም ግፊቷ የጤነኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከነርሶቹ የተረኛ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው፤ ፈረመች የተባለችው ያን ሌሊት ተረኛ ነበረች ወይ?

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ካርዱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እርስዎ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያሉት እዚያ ላይ 2:00 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የእርስዎ ምሽት 4 ሰዓት እዚያ 22:00 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ በካርዱ ላይ ቀኑ ይቀየራል። የምስክርነት ቃልዎ ላይ ሁለቱንም ካላስቀመጡ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተከሳሽ ጠበቃ በዚህች ብቻ «ምስክሯ የምትለውን አታውቅም» ሊያሰኝ ይሞክራል። ሲሞከር አይቻለሁ።

ካርዱን እንዴት ታገኛላችሁ? የልጁ አባት የጋብቻ ማስረጃውንና የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዞ ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ሙሉ ቅጂ ይጠይቅ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቀሪ በእጃችሁ ይቆይ። በቃል አትጠይቁ። እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ሊያዛቸው ይችላል፤ ያ ማኅተም ያለው ቀሪ ያን ጊዜ ይናገርላችኋል። ሞቱ ገና በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበም ቶሎ ይመዝገብ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነበር፣ ቢያልፍም ምዝገባው አይቀርም።

ስለማን ላይ ክስ እንደሚቀርብ፦ ሐኪሙ ላይም ሆስፒታሉ ላይም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2651 የሕክምና ድርጅት የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች ባጠፉት በሕመምተኛው ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። «ሐኪሙ የኛ አይደለም፣ እየመጣ የሚሠራ ነው» የሚል መከላከያ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ነርሷስ? እሷ የማን ናት? በእናንተ ጉዳይ ትልቁ ክፍተት የታየው ነርሷ በነበረችበት ሰዓት ስለሆነ ይህን አትዘንጉ።

ከባዱ ነገር የባለሙያ አስተያየት ነው። ዳኛው ሐኪም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ሐኪም በሐኪም ላይ ለመመስከር እግሩን እንደሚጎትት በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ በስልክ «ይሄማ ግልጽ ጥፋት ነው» ብሎ ሲያበቃ ስሙን ለመጻፍ ሲጠየቅ ስልኩን ያጠፋል። እዚህ ላይ ነው የእናታችሁ ፍላጎት የሚጠቅመው።

እናታችሁ የሚሹት ያ ሐኪም ሌላ ሰው እንዳይነካ ነው። ለዚህ የሚሆነው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ለባለሙያዎቹና ለሆስፒታሉ ፈቃድ በሚሰጠውና በሚቆጣጠረው የጤና አካል ዘንድ ይገኛል። አቤቱታው ቀላል ነው፤ የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፍ፣ ያላችሁን ማስረጃ ማያያዝ። ኮሚቴው ካርዱን ያስመጣል፣ ባለሙያዎቹን ይጠይቃል። ውጤቱ ከማስጠንቀቂያ እስከ ፈቃድ መታገድና መሰረዝ ሊደርስ ይችላል፤ ካሳ ግን አይወስንም። የውሳኔው ጽሑፍ «የሙያ ስሕተት ተፈጽሟል» ካለ ለፍትሐ ብሔሩም ለወንጀሉም ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ብዙ ጊዜ የእሱን አስተያየት ይጠብቃሉ። በተቃራኒው «ጥፋት የለም» ብሎ የጻፈ እንደሆነ መንገዳችሁ ይከብዳል፤ ስለዚህ አቤቱታውን በስሜት ሳይሆን በሰዓትና በወረቀት ሙሉት።

ወንጀሉን በተመለከተ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 2 እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ያስቀምጣል። አቤቱታው ለፖሊስ ነው። በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ ካሳ እንዲጠየቅ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥያቄው የወንጀሉን ክርክር ያወሳስባል ወይም ያዘገያል ብሎ ካሰበ ፍርድ ቤቱ ላይቀበለው ይችላል። የሕክምና ጉዳይ ደግሞ መወሳሰቡ አይቀርም። እኔ ብሆን ለየብቻ ነው የማስኬደው። ሐኪሙ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ እንደማይታሰር ይናገራል፤ ሁለቱ የሚጠይቁት የማስረጃ ልክ ይለያያል።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገራችሁ። የኑሮ ጉዳቱ ካሳ የሚታሰበው እህትዎ ለእነዚህ ሰዎች ታደርግላቸው በነበረው ነው፤ ሕጉ እንደ ቀለብ ያየዋል። የደመወዟ ማስረጃ፣ ለእናታችሁ በየወሩ በባንክ የላከችበት ዝርዝር፣ የእናት ዕድሜ፣ የሕፃኑ ዕድሜ፤ እነዚህ ናቸው ቁጥሩን የሚሠሩት። በእጅ የሰጠችው ገንዘብ ወረቀት ስለሌለው ምስክር ይፈልጋል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ፣ ይወስናል፤ ቁጥር 2102። የሐዘኑን ካሳ በተመለከተ ግን አትጠብቁ። ቁጥር 2113 ዳኛው ለሟች ቤተሰብ የሕሊና ጉዳት ካሳ እንዲፈርድ ይፈቅድና ቁጥር 2116 ደግሞ ከ1000 ብር አይበልጥም ብሎ ይዘጋዋል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፤ እስከ ዛሬ ሳይነካ ቆሟል። ፍርዱን ሲያነቡላቸው ከችሎት ተነስተው የወጡ እናት አውቃለሁ፤ ስድብ ነው የመሰላቸው፣ አልፈርድባቸውም። ለእናታችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ይሻላል።

አሁን ቀኑን ቁጠሩ። ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ስምንት ወር ሄዷል፤ የቀረው አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ የሕክምና ውል ነው ተብሎም የአሥር ዓመቱ ይርጋ የሚከራከርበት ጠበቃ አይጠፋም። እነዚህ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነሱ ክርክሮች ናቸው፤ ጊዜ እያላችሁ አትመኩባቸው። ደግሞም ለኮሚቴ ማመልከት፣ ለፖሊስ ቃል መስጠት፣ ከአስተዳዳሪው ጋር መደራደር ይርጋውን አያቆመውም። የኮሚቴውን ውሳኔ እየጠበቁ ሁለቱ ዓመት ያለቀባቸው ሰዎች ቢሮዬ መጥተው አዝኜ መልሻቸዋለሁ።

የዳኝነት ክፍያው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የልጁ አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ላይፈቀድለት ይችላል፤ እናታችሁ ግን ጧሪያቸውን ያጡ ስለሆኑ ለየብቻ ይታይላቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ በመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እንደማይስማማው ካርዱ ላይ በቀይ የተጻፈ መርፌ ተወግቶ በዚያው ቀን ሞተ። ሰዎች «መንግሥት አይከሰስም» ይሉኛል።
(ከ.)

መልስ፦ ይከሰሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ጥፋት ሲሠራ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም ኋላ ከሠራተኛው ሊያስመልስ እንደሚችል ይናገራል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና ካደረገው የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ቅን ልቦናም እስኪፈርስ ድረስ ይገመታል። የወጋችው ነርስ ወይም ያዘዘው ሐኪም የግል ጥላቻ ኖሮት ካልሆነ በቀር በዚህ ውስጥ ይወድቃል። የእርስዎ ጉዳይ ከላይኛው ይልቅ ይቀላል፤ «አይስማማውም» የሚለው ጽሑፍና የመርፌው ትእዛዝ በአንድ ካርድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካርዱ ከመጥፋቱ በፊት ግን ቅጂውን ያውጡ፤ ያ ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ነጭ ኮፒ ላይ አይታይምና በቀለም ይነሳ ወይም ፎቶ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ከቀበርን በኋላ ነው ሐኪሙ የተሳሳተ መሆኑን የሰማነው። የአስከሬን ምርመራ አልተደረገም። አለቀልን ማለት ነው?
(አ.)

መልስ፦ አላለቀም። በካርድ፣ በላቦራቶሪ ውጤትና በምስክር ብቻ የተፈረደ ጉዳይ አለ። መቃብር ተከፍቶ ምርመራ እንዲደረግም በፖሊስ ምርመራ ወቅት ሊታዘዝ ይችላል፤ ግን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ የፎረንሲክ ሐኪም አማክሩ። የአጥንት ስብራት ከወራት በኋላም ይገኛል፤ የደም መፍሰስ ወይም የተሳሳተ መጠን ያለው መድኃኒት ግን አስከሬኑ ሲቆይ ማሳየቱ ይከብዳል፣ ቤተሰቡንም በከንቱ ሁለተኛ ሐዘን ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ካሳ ጠያቂዎቹም የወንድምዎ ሚስት፣ ልጆችና ወላጆቻችሁ ናቸው፤ ምክንያቱን ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ጽፌዋለሁ።